ሽቅብ

ነርሷ በረንዳ ላይ "ይታይሽ!" ብትለኝ፣
ወረፋው በሙሉ ዘወር ብሎ አየኝ።
ስሜ ይታይ ይላል፤ እኔ መች ወደድኩት፤
ሃያ ሁለት ዓመት በቀሚስ ጋረድኩት፤
ካልሲ ደራርቤ፣ ሻሽ ጠምጥሜ ያሠርኩት፣
እስክስታ ሲወርድ ጥግ ያስቀመጥኩት።

አንሙት የሚሉት ልጅ ዶክተር ነኝ ይለኛል፤
ከወንበሩ ወርዶ ተንበርክኮ ያየኛል።
"ይቁሙልኝ እማማ፤ ተኝተው አይታይም፤
እግር ካልቆመበት ምሥጢር አያወጣም።"
ሳቄ አመለጠኝ፤ ይቁሙ ብሎ ነገር!
ከመቆም በስተቀር ምን ሠራሁ በዚህ አገር?

ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ የሽመና ክፍል፣
አራት መኪና ይዤ ወዲያ ወዲህ ስል፣
ሌሊት ፈረቃ ላይ ክር ሲበጠስብኝ፣
ቋጥሬ ስቀጥል ወገግ እያለብኝ፣
የቋጠርኩት ሁሉ የት ገባ ሳልል ነው፣
አንድ ቀን ባቴን ሳጥብ ዓይኔ የገጠመው፦
እብጥ እብጥ ያለ ሰማያዊ ድውር፣
ከጉልበት የወረደ ጠመዝማዛ ክር።

ባንቺአየሁ "ሪህ ነው" ብላ ፈረደች፣
ዋግምት አስያዛ ደሜን አስቀዳች፤
አንዷ "ኑግ ቀቢበት"፣ አንዷ "ምች ነው" አለች፤
እግሬ ግን ሲመሽ እንደ መጅ ከበደች።

አንሙት ወረቀት ላይ ሥር ሣለ በእስክሪብቶ፣
"በር አለው" አለኝ፣ ጣቱን እንደ በር ከፍቶ፤
"ደም ወደ ላይ ሲያልፍ ይከፈትለታል፣
ቁልቁል ልመለስ ሲል ይዘጋበታል።
የእርስዎ በር ላልቷል።"

ዝም አልኩ። ሟቹ ባሌ መጣብኝ በሐሳብ፣
ጠቢቡ፣ ጨረጨራ የውኃ በር ዘብ፤
ዓባይን ከሐይቁ እየለካ ሲለቅ፣
"ውኃ ቁልቁል እንጂ ሽቅብን አያውቅ"
ይል ነበር፣ ባትሪውን በብብቱ ይዞ።
ደሜ ግን ያውቅ ነበር፤ ሽቅቡን ተጉዞ
ልቤ ዘንድ ይደርሳል ያለ ደሞዝ ታዞ።
ዛሬ እንደ እኔው ደክሞ፣ ጡረታ ፈልጎ፣
ተጋድሟል፤ ቁርጭምጭሚቴን አልጋ አድርጎ።

"አማራጭ አለዎት" አለኝ ልጁ በቀስታ፦
"አጥብቆ የሚይዝ ካልሲ፣ ከንጋት እስከ ማታ፤
ወይም መርፌ፤ በሥሩ አረፋ የሚገባ፣
ወይም በሙቀት የሚያሽግ፣ ግን አዲስ አበባ፣
ወይም ትንሽ ቢላ፤ መዝዞ የሚያወጣ።
የሚያስቸኩል የለም፤ ቁስል እስካልመጣ።"

አማራጭ። ቃሏን አፌ ውስጥ አላመጥኳት።
የጧት፣ የቀን፣ የሌሊት፤ ፈረቃን ነው የማውቃት፣
እሷንም አለቃ ነበር የሚመርጣት።
"ክር ሲመዘዝ ጨርቁ ይጨማደዳል" አልኩ፤
ሳቀና "ቆዳ ግን ይረሳል" አለኝ፤ አላመንኩ።

ካልሲውን ሲያመጣው በጣቴ ሳብኩና፣
ገልብጬ መረመርኩት፤ ልማድ ነውና።
ድርም ማግም የለው፤ ሹራብ ነው አሠራሩ፣
ከታች ይጠብቃል፣ ይላላል ከዳሩ።
ጉድለት አላገኘሁም፤ ከዋጋው በስተቀር፤
ግማሽ የጡረታዬ፣ ለሁለት እግር ክር!

"ሳይነሡ ይልበሱት፣ አልጋ ላይ እንዳሉ፤
ማታ ደግሞ እግርዎን ከልብ በላይ ይስቀሉ።"
እግር ከልብ በላይ! እናቴ ብትኖር፣
ነጠላ ጥላብኝ "ነውር!" ትል ነበር።

አመሻሽ፣ ሐይቁ ዳር፣ ከዋርካው በታች፣
የተደፋች ታንኳ፣ ለመድረቅ የወጣች፤
በጀርባዬ ተኛሁ፤ እግሬን ሰቀልኩባት፤
ቀሚሴ ሸርተት አለ፤ እኔም ዝም አልኩት።
ዓሣ የሚያጸዳው ልጅ ቢላውን አቁሞ አየኝ፤
"ምን ሆነው ነው፣ እማማ?"
"ውኃ ሽቅብ ልኬ ነው፤ ተወኝ።"

ጣና ዝም ብሏል። ደንገሉ ይሰማል።
የሆነ ነገር ከባቴ ቀስ ብሎ ይነሣል፣
ወይ መስሎኝ ይሆናል።

በጎኔ አንዲት ልጅ አለፈች፣ ሰማያዊ ጋዎን ለብሳ፣
ምሳ ዕቃዋን ይዛ፣ ወደ ፋብሪካው ገስግሳ።
ባቷ ገና ልስልስ፣ አንድ መስመር የሌላት፤
"ነይ፣ ትንሽ ቁጭ በይ" ብዬ ተጣራኋት።
"ፈረቃዬ ደርሷል" አለችና ሮጠች።