ቀብድ

ጦሳ ሥር አንዲት ቤት ልገዛ ባስበው፣
ምክር አዘነበብኝ ያልጠየቅኩት ሰው።

«ዛሬ ቀብድ ጣል፤ ነገ ሌላ ይገዛታል»
ሙሄ ደላላው ነው፤ ስልኩ ይጮኽበታል።

«ካርታ ሳታገላብጥ ገንዘብህን አትፍታ»
አጎቴ እንድሪስ ነው፣
በወሰን ክስ ያረጀ፣ ሳይረታ፣ ሳይረታ።

«ዕዳ አትግባ ወንድሜ፣ እንቅልፍ ይነሳል»
ትለኛለች ዘምዘም፤ ኪራይዋ ግን ይብሳል።

ግንበኛው ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳና
«ይቆማል» ብሎኝ ወጣ፤
«ኧረ እንጃ» አለ ደግሞ፣ ከበር ተመለሰና።

ሻጯ ዋጋዬ ግን ዝም ብላ ቆይታ
ጥጉን አሳየችኝ፣ የወየበ ቦታ፦
«ሐምሌ ሲገባ በዚህ ጦሳ ውሃ ይልካል፤
አልጋህን ወዲያ አርቀው፤ እዚህ ባልዲ ይበቃል።»

ቀብዱን የዚያኑ ዕለት ለእሷ ቆጠርኩላት።
ለቤቴ አስቀድሜ የገዛሁት ዕቃ
ባልዲ ናት።