መለኪያ

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፣ ሰኞ ገበያ መግቢያ ላይ፣
ሜትሩን ባንገቱ ጥሎ፣ «ልኬት ከወገብ ነው» ባይ።
«ሳልለካህ መቀስ አላነሳም» ነበር የዘወትር ቃሉ፣
«ጨርቅ ከተቆረጠ አይመከር» ሲል ይስቁ ነበር ሁሉ።

ሜትሩን ወረስኩት እኔ። ዛሬ ለብሼ ነጭ ጋውን፣
ከሆስፒታሉ ጓሮ ክፍል እቀበላለሁ፣ ሱስ ያዛለውን።

ግን አንድ ሰው ሳልለካ ቆረጥኩ፤ እንድሪስን፣ ወንድሜን፤
ይኸው ሦስት ዓመቱ፣ ጉሮሮዬን ሳይለቅ ያ ቀን።

ሾፌር ነው። በሌሊት አይሱዙው ሐረጎን ሲጠማዘዝ
ዓይኑን ጫት ይዞለት ያድራል፤ ወገቡን ትራማዶል ሲያደነዝዝ፤
ኮምቦልቻ ገብቶ ሲነጋ፣ ምርቃናው አልወርድ ሲለው
ጨብሲ ነው፤ አንድ መለኪያ፣ ሌላ መለኪያ፣ ደግሞ ሌላ ነው።

«አንድ አልጋ ተለቀቀ» አሉኝ። ለማን የሚሆን? አላልኩም።
ባዶ መሆኑ በቃኝ። ስለ ክኒኑም አልተናገርኩም፤
የሲስተሯ ወንድም እንዳይሉ፣ አፍሬ።

ጫት ብቻ ብለው አስገቡት። ክኒኑም በዚያው ቀን ቀረ።
በሦስተኛው ሌሊት አጥንቱ፣ በረዶ እንደመታው ቆርቆሮ ሲንኳኳ አደረ።
በመስኮት ወጣ። ባዶ እግሩን። ቦርከና ድልድይ ስር አገኘሁት፤
«የማንን ኮት ነው ያለበስሽኝ?» አለ፤ መልስ አጥቼ ሰማሁት።

የካቲካላ ሻጯ እንኳ፣ ስትቀዳለት መለኪያ አላት፤
እኔ ነኝ ሳልለካ ያፈሰስኩ፣ መድኃኒት ነው ብዬ፣ በጉልበት።

ከዚያ ወዲህ እጄ ዘገየ። ወረፋው ያጉረመርማል።
የክር ፋብሪካዋ ቶይባ ልጅ ታጠባለች፤ አልጋ ምን ያደርግላታል?
ከፈረቃ መልስ፣ በማታ፣ አጭር ቀጠሮ ይሻላታል።
ፈንታው አሥራ ሰባቱ ነው፤ እዚህ ከጎልማሶቹ ጋር ቢተኛ
ያልለመደውን ለምዶ ይወጣል። ሐይቅ፣ አጎቱ ዘንድ ሰደድነው፤
በሳምንት ሁለቴ ይመጣል ወደኛ።
አንዳንዱን ግን ምን እንደሚበቃው አላውቅም፤
ካርዱ ላይ ያቺን መስመር ባዶ እተዋታለሁ፣ አልዋሽም።

ትናንት እንድሪስ መጣ። በራሱ እግር። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።
እንደ ባዳ ዝም አለ፤ ጣቱ ብቻ ተንቀጠቀጠ።
ሜትሩን ከኪሴ አወጣሁ፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አንዳች ያዘኝ፤
«ከየት እንጀምር?» አልኩት።
                    «ከወገቤ» አለኝ።