አዳራሽ ሰባት

ከእሁድ እስከ እሁድ ፈንዲሻ ጠራጊ፣
ከወንበር ሥር ሳንቲም፣ ጓንት ፈላጊ፣
ፒትስበርግ ከተማ፣ አዳራሽ ሰባት፣
እኔ ነኝ በባትሪ የምዞርበት።

«የድልድዩ ዘብ» ክፍል ሁለት ገብቶ
አርባ ቀን ሆነው ዛሬ፤ እኔም በር ተከፍቶ
በተዘጋ ቁጥር በቁራጭ አየሁት፣
መሃሉን ከጫፉ በልቤ ሰፋሁት።

ብሰፋውም ያው ነው። መጥፎ እንኳ አይደለ፤
መጥፎ ቢሆን ኖሮ ሰው አንድ ነገር ባለ።
ለብ እንዳለ ሾርባ፣ አፍን አያቃጥል፣
አንጀትም አያርስ፤ ዝም ብሎ ይቀጥል።
ሰማይ ይሰነጠቃል፣ ሐምራዊ ጨረር ይወርዳል፣
ከተማ እንደ ብስኩት ይፈርሳል፣ ይናዳል፤
ዘቡ ቀልድ ይናገራል ሕንጻ ሲወድቅበት፣
ማንም ግን አይሞትም፤ ክፍል ሦስት አለበት።
ያክስቱ ልጅ ብቅ ይላል፣ የራሱን ፊልም ሊዘራ፣
ጎረቤቱም ክንፍ ታበቅላለች፣ ለሌላ አዝመራ።

ማክሰኞ ማታ ነው፤ ተመልካች አራት።
ሦስቱ ገና ሳያልቅ ወጡ ለእራት።
አንዲት አሮጊት ግን መነጽሯን ጠርጋ
የስሞቹን ጎርፍ ታያለች አንገቷን አስግጋ።
ሹፌሩ፣ ወጥ ቤቱ፣ ውሻ አሠልጣኝ ሞላ፤
የውሻው ተተኪ እንኳ አልቀረም ወደኋላ።
«እማማ፣ አለቀ» አልኳት፣ «ከዚህ ወዲያ የለም።»
«ራሴን ነው የምፈልገው» አለች፣ «እኔና ቀለም።»

ሉድሚላ ቫሲቼክ። ሰባ ዘጠኝ ሆናት።
በነጭ አረፋ ውስጥ ዘቡን ያናገረች ናት።
ሥዕሉ የሌላ ነው፤ የሷ ፊደል ብቻ፤
ገጹ በሁለት ዶላር፣ የሌሊት ዘመቻ፣
ልጆቿ ሲተኙ፣ ከኩሽናው ጠረጴዛ ላይ፣
ያንን «ድው!» የሚል ድምፅ የሳለች በወረቀት ሰማይ።

«የኛው ዘብ» አለችኝ፣ «መብረርን አያውቅም፤
ስንዝር ከድልድዩ ጉልበቱ አይርቅም።
ጉልበት የሚያገኘው ድልድይ ላይ ሲወጣ፤
ሲወርድ ጉልበቱን ያመዋል፤ አለቀ፣ ሌላ ጣጣ
የለውም። ከብረት ፋብሪካ የተባረረ ሰው ነበር፤
ሌባ ድልድዩን ካለፈ፣ ቆሞ ያየው ነበር።
እዚያ ጋ ነው ደስ የሚለኝ፤ እጁን ኪሱ ከቶ
ሲመለስ በእግሩ፣ አውቶቡስ አጥቶ።

«አሁን ጨረቃ ላይ ነው፤ ድልድይ የለ፣ ወንዝ የለ፣
ጉልበቱን የሚያመው ሰው ከድርሰቱ ተነቀለ።
ደግሞ ድምፁ በዛ፤ ሁሉ ይጮኻል፣ ልጄ፤
አንዷን ‹ድው› ይበልጥ ትሰማታለህ ከእጄ።»

ስሞቹ ነጎዱ፤ የሷ ግን አልመጣ።
መብራቱ በራና ስክሪኑም ነጣ።
«እንደለመድኩት» አለች፤ ከጭኗ ፈንዲሻ
አራግፋ ተነሳች፤ «አበዛሁ ቆሻሻ።»
በሩ ላይ ዞር አለች፦ «ሰው ሲወድቅ በሥዕሉ
ፊደል አብሮ አይወድቅም። ይኸው ነው፣ ይህ ነው ሁሉ።»

በማግስቱ ካርሰን ጎዳና፣ አሮጌ መጽሔት ቤት፣
ቁጥር ሠላሳ አንድን አገኘሁ፣ ሽፋን የሌላት።
ዋጋዋ አራት ዶላር፤ ወረቀቷ እንደ ትምባሆ ቢጫ፤
አነበብኳት አውቶቡስ ውስጥ፣ በኋላ መቀመጫ።
እውነቱን ልናገር፦ እሷም ድንቅ አይደለችም፤
የሰዉ እጅ ድንች ነው፤ ሴራዋም አይገባም።
ግን አንድ ገጽ አለ፤ ዝናብ፣ ባዶ ድልድይ፣
ዘቡ ብቻውን ቆሞ፣ ማንም ሰው ሳያይ፤
አረፋው ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው፤ ውስጡ አንዲት ቃል፦
«ደክሞኛል።»
ፊደሎቹ ቀጥ ብለዋል።
ቀና ስል አውቶቡሱ ወንዙን ተሻግሯል፤
ድልድዩ አምልጦኛል።

ትናንት ኮርዌል፣ አለቃዬ፣ መሰላል ሰጠኝ፤
«ክፍል ሦስት፣ በቅርብ ቀን» ስቀል ብሎ ላከኝ።
ዘቡ በጥርሱ ይስቃል፣ ፕላኔት አዝሎ፤
ከእግሩ ሥር ድልድይ የለም፤ አለ ተንጠልጥሎ።
ከኪሴ እስክሪብቶ አወጣሁ። ከጥጉ፣ ከታች፣
ስሟን ስጽፍላት ፊደሏ ጋደለች፤
ሁለተኛዋ መጥታ እሷን ተደገፈች።

ከመሰላሉ ወረድኩ። ጉልበቴን አመመኝ።
አዳራሽ ሰባት ውስጥ ፈንዲሻ ጠበቀኝ።