የጥላ ተራ

እኔ ተራ አስከባሪ ነኝ፤ ፊሽካና እርሳስ ነው መሣሪያዬ፤
ከመጋላ በታች አንዲት ኒም ናት፣ መሥሪያ ቤቴም ጣራዬ።
ድሬ በሰባት ሰዓት ድስት ናት፤ ሰማዩም ክዳን ሆነ፤
ጥላ እንደ ማሽላ በጣሳ ተሰፈረ፣ በእፍኝ ተዘገነ።

እዚያች ጥላ ሥር ሁለት ወገን ያርፋል፤
አንዱ ድርቆሽ ያኝካል፣ አንዱ ጭስ ይተፋል።
ሽንኩርት ያለው በጋሪ፣ ቀጠሮ ያለው በባጃጅ ይሄዳል፤
ዞሮ ዞሮ ከሳቢያን መልስ ሁሉም እዚሁ ይወርዳል።

የዋበሪ ፈረስ ዳማ ነው፤ ስሙን «ዶኒ» ብለው አወጡለት፤
በአፋቸው ጀልባ ማለት ነው፤ ሲራመድ ግራ ቀኝ ቢል፣ ስሙ በዚያው ረጋለት።
ወጣት ሳሉ ጅቡቲ ወርደው በባለ ሸራ ጀልባ ሠርተዋል፤
ፍየል ወደ ማዶ፣ ቴምር ወደዚህ አሻግረዋል፤
ነፋስ ጠፍቶ ሦስት ቀን ውሃ ላይ እንደ ተገተሩ፣
ዛሬም ይስቃሉ ሲያወሩ።

ረምዚ ባጃጅ ይነዳል፤ የአጎቱ ናት፣ ገቢ አለባት ማታ ማታ፤
ጡሩምባዋ ሲጮህ ከኒሟ ላይ ወፍ ይነሣል በአንድ አፍታ።
እየበረረ ሲገባ፣ አቧራው እንደ ማዕበል ተከትሎት ይደርሳል፤
ይሄኔ ዶኒ ይደነብራል፤
የዋበሪ ሻይ ይፈሳል።
«ቀስ በል!» ይላሉ። «ዘመኑ ነው የፈጠነው አባባ፣ እኔ አይደለሁ» ይላል፤
ደግሞ ጎማውን አይቶ፣ «ይሄን ፋንድያ ማን ያነሣዋል?» ይላል።

የታሰረ ፈረስ መቼም እንደ ታሰረ አይቆምም፤
ጥላ ስትዞር ይዞራል፣ ገመዱ እስኪያልቅ። ባጃጅ ግን አይዞርም።
አንድ ማክሰኞ ረምዚ መጥቶ ከገመዱ ልክ ውስጥ አቆመ፤
ዶኒ ጥላውን ተከትሎ ዞረ፣ ዞረ፣ ዳሌውን ጣለ፤
የግራ መስታወቷ ከአሸዋ ላይ ተለቀመ።

ሰው ተሰበሰበ። ጥላ የሌለው ሁሉ ዳኛ ሆነ።
«ፈረስ ከከተማ ይውጣ!» ያለም ነበረ፤ «ባጃጅ ትናንት መጣ!» ያለም ነበረ፤
እርሳሴን ከጆሮዬ አነሣሁ፤ ምን እንደምጽፍ ግራ ገባኝ፤ ወረቀቱ ነጭ እንደሆነ ቀረ።

ዋበሪ ግን አልጮኹም። ዱላቸውን አሸዋው ላይ ተከሉ፤
ገመድ አሰሩበት፣ ጫፉን ይዘው ዞሩ፤ አንድ ትልቅ ክብ ሣሉ።
«ወደብ ላይ» አሉ፣ «ፊት የመጣ ገመዱን እንደ ልቡ ይጥላል፤
ኋላ የመጣ ያንን ገመድ በዓይኑ ለክቶ ይጠጋል።
ነፋስ የሚያዞረው ጀልባ ክቡን ይዞ ነው የሚያድር፤
ባሕር ጠቦ አይቼ አላውቅም፤ ሰው ነው ሳይለካ የሚያስር።»

ረምዚ ሳቀ፤ «የምን ባሕር አባባ? ደቻቱ እንኳ ውሃ የለው!»
ግን ክቡን ሲያይ ቆየ። በእግሩ ለካው። ከጠርዝ ጠርዝ ዘጠኝ እርምጃ አለው።

ከዚያ ወዲያ ደንብ ተጻፈ። አይ፣ አልተጻፈም፤ ተለመደ እንጂ፦
ከመብራት ምሰሶው ሲደርስ ረምዚ ሞተሩን ያጠፋል፤
ወርዶ በትከሻው እየገፋት፣ ድምፅ ሳያሰማ ያርፋል።
ፋንድያውን ዋበሪ ያፍሳሉ፤ ጎመን ለምትተክል ጎረቤት።
ከምሰሶው ወዲህ ጡሩምባ ነውር ሆነ፣ እንደ ለቅሶ ቤት።
የመስታወቱን ዋጋ ግን እስካሁን የከፈለ የለም፤
ሲጣሉ ያነሡታል፤ ሲታረቁም አይረሱትም።

ትናንት ከሰዓት ነፋስ ተነሣ፣ የደቻቱን አሸዋ ይዞ፤
ረምዚ እየገፋት መጣ፣ ፊቱን በሻሽ ጠምዝዞ።
የባጃጇ ሸራ ባንድ ወገን ተፈቶ ኖሮ ተወጠረ፤
ነፋስ ሞላው፤ የሚገፋት ልጅ ሊደርስባት ሮጥ ሮጥ ጀመረ።
ዋበሪ ከጋሪው ላይ ብድግ አሉ፤ ዓይናቸውን በመዳፍ ጋረዱ፤
በአፋቸው አንድ ቃል ጮኹ፤ አልገባኝም፤
«ይላላ!» ይሆን፣ «ይወጠር!» ይሆን፣ ገመዱ።

ዶኒ ከክቡ ጠርዝ ጆሮውን አቁሞ ያያል።
መጣች፣ መጣች፤ ስንዝር ሲቀራት ቆመች።

እርሳሴን ከጆሮዬ አወረድኩ፤ ስምንት ሰዓት ከሩብ፣ ብዬ ጻፍኩ የገባውን ተራ፦
አንድ ጋሪ፤
አንድ ባለ ሸራ።