ቧንቧው እስኪዘጋ

መስኩት አውሮፕላን ማረፊያ ሰልፉ ሁለት ነበር።
ፖሊሱ ፊቴን አየ፤ ወረቀቴን አላየም።
በጣቱ ወደ ግራ አለኝ፤ ሄድኩ።
አንድ ዓይነት ሻርፕ ከለበሱ፣
አንድ ዓይነት ፌስታል ካቀፉ
ሠላሳ ሴቶች መሐል ቆምኩ።

ከፊቴ ያለችው፣ ገና ልጅ፣
የእጇ ሂና ያልደበዘዘ፣
ዞር አለችና «ማን ቤት ነው የምትገቢው?» አለችኝ።
«ኮሌጅ» አልኳት።
ትንሽ አሰበች።
«ስንት ልጅ አለው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሳልመልስላት ስሜ በድምፅ ማጉያ ተጠራ፣
ሦስት ጊዜ፣ ሦስት ዓይነት ሆኖ፦
ታብላት፣ ቲብሊት፣ ጠብላት።
ትብለጥ ነኝ። የእናቴ ምርቃት ነው፤
ከማን እንደምበልጥ ግን አልነገረችኝም።
ከሰልፉ ስወጣ
የልጅቱ ዓይን ሻንጣዬን እስከ በሩ ሸኘው።

ኸሚስ እየነዳ በአገጩ መስኮቱን ያሳየኛል።
«በሕር» ይላል። «ባሕር» እላለሁ።
«ሰማ።» «ሰማይ።»
አንዱ ግመል አስፋልቱ ላይ ቀብረር ብሎ ሲያቋርጥ
«ጀመል!» አለ፤ «ግመል!» አልኩ፤ ተሳሳቅን።
ከዚያ ቃል አለቀብን።
እስከ ሱር በቀረው መንገድ ያወራው ባሕሩ ብቻ ነው።

የመኪናውን በር ስከፍት መነጽሬ ታወረ።
ትናንት ከደብረ ብርሃን ጃኬት ደርቤ ነው የወጣሁት፤
እዚህ አየሩ፣ ፈልቶ እንዳልተጨመቀ ጨርቅ፣
ፊቴ ላይ ተለጠፈ።
እናም የምኖርበትን ቤተሰብ
መጀመሪያ ያየሁት ጥላ ጥላውን ነው፦
አንድ ሰፊ ጥላ፣ ክንዱን የዘረጋ፤
ሁለት ትንንሽ ጥላዎች፣ የሚዘሉ፤
ከኋላ ደግሞ፣ ከበሩ ጥግ፣
አንድ የማይንቀሳቀስ።

መነጽሬን ስጠርግ ሻንጣዬ የለም።
ያ የማይንቀሳቀሰው ጥላ
በጭንቅላቱ ተሸክሞት ደረጃ ይወጣል።
«እኔ ልያዘው!» አልኩ፣
ሳላስበው፣ በአማርኛ።
ደረጃው መሐል ቆመች።
አልዞረችም።

ሸምሳ እጄን ይዛ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችኝ፤
ዓሣውን በጣቷ ፈለቀቀች፣ እሾኹን ለቀመች፣
ሥጋውን በእኔ በኩል ባለው የትሪ ጠርዝ ከመረችልኝ።
ደግ ናት።
ይህን መጻፍ አለብኝ፤ ደግ ናት።
ትንሿ መይሳ ፀጉሬን ዳሰሰችና እናቷን አንድ ነገር ጠየቀች።
ዐረብኛው አልገባኝም፤
ጣቷ ወደ ማድቤቱ ሲቀሰር ግን ገባኝ።
«ላ፣ ላ!» አለች ሸምሳ፣ እስከ ጆሮዋ ቀልታ፣
«ጣሊባ! ጣሊባ!»
ተማሪ መሆኔን ለልጇ ሁለቴ፣
ለእኔ ደግሞ በዓይኗ ነገረችኝ።

ሳህን ላነሣ ተነሣሁ፤ አስቀመጡኝ።
ሲዘናጉ ደግሜ ተነሣሁ።

ማድቤት ስገባ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው።
ድስት ከድስት አንኳኳች።
በዚያ ጫጫታ ሥር፣ ከንፈሯ ብዙም ሳይላወስ፣
«ሰው ፊት ፋጢማ በዪኝ» አለች፤
«ፓስፖርቱ እንደዚያ ነው የሚለው፤ አሥራ አንድ ዓመቱ።
ውሃው ሲወርድ ግን እንጉዳይ ነኝ።
አንቺስ?»
«ትብለጥ።»
አረፋ በተለወሰ ክንዷ ግንባሯን ጠረገች።
ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ፣
ገበያ ላይ ጥሩ በግ እንዳገኘ ሰው።
«እንግዲያ ብለጪ» አለች።

ከዚያ፣ ድንገት፣
«ዛሬ ስንት ነው? በእኛ።»
«ጳጉሜ ሦስት።»
«ሩፋኤል!»
ድስቱ ከእጇ አመለጠ።
ልጅ ሳለን በዚህ ቀን ዝናብ ሲጥል
ልብሳችንን ጥለን የምንሮጠውን ሩጫ
ፊቷ ላይ አየሁት፤
የት ሊሮጥ? ከምድጃው እስከ በሩ አራት እርምጃ ነው።
ጎንበስ አለች፤
ያን ጨው ጨው የሚል ውሃ በእፍኟ ዘግና
መጀመሪያ በራሷ ፊት ረጨችው፣
ቀጥላም በእኔ።
መነጽሬ እንደገና ታወረ።

«ፋጢማ!» አለ ድምፅ ከሳሎን።
ቧንቧውን ዘጋች።
«ነዓም» አለች፤
ትሪውን ይዛ በአጠገቤ አለፈች።
እኔ፣ ጣሊባዋ፣
ፊቴን ሳላደርቅ ቆሜ ቀረሁ።