የሚሸጥ ክንፍ

አፉላ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከሳሎኑ ቀጥሎ፣
ማማድ አለች፤ ግድግዳዋ ስሚንቶ፣ መስኮቷ ብረት፣
ሳይረን ሲጮህ ልጅ አቅፈን የምንገባባት።
እዚያ ነው የተኛው፣ በከረጢት ተጠቅልሎ፣
ከክረምት ብርድ ልብስና ከውኃ ጀሪካን መሐል፤
ከቤቱ ዕቃ ሁሉ አደገኛው
ከቤቱ ክፍል ሁሉ በደኅነኛዋ ውሎ።

ትርንጎ አንድም ቀን «ተው» ብላኝ አታውቅም፤
አትለምን፣ አታለቅስ፣ በር ላይ አትቆምም።
«ስትወርድ ደውል» ነው ቃሏ፣ ያው አንዱ፤
ሌላው ሁሉ በሆዷ ነው መንገዱ።
ስደውል በመጀመሪያው ጥሪ ታነሣለች፣
«እሺ» ትላለች፣
ትዘጋለች።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያን «እሺ» ሰማሁት፤
ስንት ኪሎ እንደሆን ዘንድሮ ገመትሁት።

ሚያዝያ ላይ ዮታም ወደቀ፣ ከጌልቦዓ አፋፍ፣
ጥንት ንጉሥ ከወደቀበት ተራራ፤
ክንፉ ባንድ ጎኑ ታጠፈ እንደ መሐረብ ጫፍ።
እኔ ከበላዩ ነበርሁ። ያየሁት ይኸው ነው፦
ቢጫ ጨርቅ፣ ትንሽ አቧራ፣
አንዲት ላም ቀና ብላ አየችና
መልሳ ወደ ሣሯ አጎነበሰች።
አልሞተም። ዳሌው ላይ ዘጠኝ ብሎን አለው።
ሆስፒታል ልጠይቀው ብሄድ እሱ ጠየቀኝ፦
«ነፋሱ ግን ከዚያ በኋላ እንዴት ነበር?»
ያስፈራኝ ውድቀቱ አይደለም።
ያስፈራኝ «ግሩም ነበር» ማለቴ፣
አፌ ሳያስፈቅደኝ፣ በአልጋው አጠገብ።

እኔኮ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ።
አሮጊት ሳትቀመጥ ጎማዬ አይነቃነቅም፤
ቢጫ መብራት ሳይ እቆማለሁ፣ ይስቁብኛል፣ ግድ የለኝም።
የሃምሳ ሰው ነፍስ ከጀርባዬ፣ ፍሬኑ ከእግሬ ሥር።
ታዲያ ያ ዓርብ ዓርብ የሚመጣው ሰው ማነው፣
ሁለት እርምጃ ሮጦ
ሦስተኛውን ባዶ ላይ የሚያሳርፈው፣
ባዶውም ሲሸከመው የሚስቀው?

መጋቢት ላይ ሽመሎች ያልፋሉ፣ ሺህ በሺህ ሆነው፣
ክንፍ ሳያራግቡ፣ በሞቀ አየር ላይ እንደ ወፍጮ ዞረው።
አንዴ መሐላቸው ገባሁ። አንዷ በክንዴ ርቀት
አንገቷን መልሳ አየችኝ፣ ከላይ እስከ ታች፣
ትኬት ያልቆረጠ ተሳፋሪ አይታ
ለዛሬ ይለፈው ብላ እንደተወች።
ይኼን ስንት ብዬ ልሽጠው?

ዖፊር የሚባል ልጅ ከቤት ሽዓን ደወለ። አራት ሺህ ሼቄል።
ዓርብ ከሰዓት፣ ሰንበት ሳይገባ፣ መጣ።
ሳሎን ላይ ዘረጋነው። ሶፋው ጠፋ፣ ጠረጴዛው ጠፋ፤
ቤቱ ጠበበ፣ ጨርቁ ገና ሰፋ።
ትርንጎ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ
«ይኼ ሁሉ ነው?» አለች።
አሥራ አንድ ዓመት ከረጢቱን እንጂ እሱን አይታው አታውቅም።
ጫማዋን አወለቀች፤ ጎንበስ ብላ ጠርዙን ዳሰሰች፣
የልጅ ትኩሳት እንደሚለካ፣ በእጇ ጀርባ።

ልጁ ገመዶቹን አንድ በአንድ ቆጠረ።
«ለምን ትሸጠዋለህ?» አለኝ።
«ጉልበቴ» አልሁት።
«ስትወጣ የምትጮኸዋ፣ ከፍታ መለኪያዋስ?»
«ጠፋች» አልሁት።
ኪሴ ውስጥ ነበረች፣ ከቁልፌ ጋር፣
ትርንጎም ታውቅ ነበር።

እሑድ ማለዳ፣ የመጀመሪያው ጉዞ፣ ወደ ናዝሬት፣
ወደዚህችኛዋ ናዝሬት፤
ሜዳው አለቀ፣ ዳገቱን ያዝን፣ ሞተሩ አቃሰተ፣
ያኔ ከደረት ኪሴ፦ ጢጥ። ጢጥ። ጢጥጢጥ።
ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት «ስልክህ ነው?» አለች።
«አይደለም» አልኋት፣ «እየወጣን ነው።»

መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሁሉም ወረደ። እኔም ወረድሁ።
ለትርንጎ ደወልሁ፣ ልማድ ሆኖብኝ።
«ወረድሁ» አልኋት።
«እሺ» አለች፤
አልዘጋችም።