አድሰኝ

ከቢቸና ፍርድ ቤት ከአጥሩ ተጠግቼ፣
አቤቱታ ስጽፍ ላፕቶፔን ዘርግቼ፣
«አድሰኝ» ይለኛል ገና በማለዳው፤
የኔን ጉልበት ማደስ የማን ይሆን ዕዳው?

አርባ ገጽ ውል አለው፣ ፊደሉ ጤፍ አክሎ፤
«ተስማማ» ይለኛል ያለ ዋስ፣ ቸኩሎ።
ለጥማድ መሬት ውል ሦስት እማኝ የምጠራ
በአንድ ጣት ፈረምኩኝ ሳላይ፣ ሳላጣራ።

ፋይልህን ደመና ላይ አኑር አለኝ ደግሞ፤
እኔ የማውቀው ደመና ጮቄ አናት ላይ ቆሞ
አፍስሶ ይሄዳል እንጂ መች ያኖራል ለከርሞ!

ልየው ዜና አመጣ፦ «አበቃልህ» አለኝ፣
«የሚጽፍ ማሽን መጥቷል» ሲል በስልኩ አሳየኝ።
አማርኛው ያምራል፣ አልዋሽም፤ ግን እስኪጨርስ
የወይዘሮ አትጠገብ ወሰን የት እንደሚደርስ
አንዴም አልጠየቃት።

ማታ የይለፍ ቃሌ ከአእምሮዬ ጠፋ።
«የእናትህ ስም?» አለኝ።
የቤት ስሟን ጻፍኩ፤ «ስህተት» አለ።
የክርስትናዋን፤ «ስህተት» አለ።
ቆይቶ ትዝ አለኝ፣ አፌን ስፈታ የጠራኋት፦
እቴቴ።
ተከፈተ።

እሷ ካረፈች ወዲህ ስሟን የጠየቀኝ
እሱ ብቻ ሆነ፤
ምን ላድርግ፣
አደስኩት።